ምራትን የሚያስለቅሰው ድንች

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ዘንቢላችሁን አራግፋችሁ፣ ሳፋና ቢላ አቅርባችሁ ድንች ለመላጥ ስትቀመጡ ስለ ምን ታስባላችሁ? ምናልባት ስለ ኪሎው ዋጋ፤ ምናልባት ስለ ልጆቹ ምሳ፤ ምናልባትም ሰኞ ስለሚጠብቃችሁ የመሥሪያ ቤት ሥራ። እጃችሁ ሥራውን ያውቀዋልና ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ ሆኖም ድንቹን እያዟዟረ ይልጣል። ልጣጩ ወፍሮ ሲወርድ ያዩ ትልቅ እናት በአጠገባችሁ ካሉ «ኧረ ልጄ፣ ድንቹን ከነልጣጩ ጣልሽው እኮ!» ማለታቸው አይቀርም።

ከእኛ እጅግ በራቀ አገር፣ በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ተራሮች ላይ፣ ይህችው የእናቶች ተግሣጽ የድንች ስም ሆናለች። የኬችዋ ሕዝብ ከሚያበቅላቸው የድንች ዓይነቶች አንዱ በቋንቋቸው «ምራትን የሚያስለቅስ» ተብሎ ይጠራል። እንደ ዝንጅብል እብጥብጥ ያለ፣ ጉብታና ስርጉድ የበዛበት ድንች ነው። እንደ ልማዱ ከሆነ፣ ልትዳር የታጨች ልጅ በወደፊት አማቷ ፊት ተቀምጣ ይህን ድንች እንድትልጥ ይሰጣታል። ሥጋውን ሳትገምስ፣ ቅርጹን ሳታጠፋ፣ ልጣጩን አሳስታ ካነሣችለት ለትዳር ደርሳለች ይባላል። ካልሆነላት ግን የድንቹን ስም ታስታውሳላችሁ።

ታሪኩ ለጨዋታ ይነገራል፤ ሲሰሙትም ያስቃል። ይሁን እንጂ ረጋ ብላችሁ ብትመለከቱት አማቲቱ ከቢላ አያያዝ የበለጠ ነገር እንደምትፈትን ትረዳላችሁ። የልጅቷን ትዕግሥት ትፈትናለች፤ ለምግብ ያላትን አክብሮት ትፈትናለች። ነገ የቤቱን ዘር መርጣ ለከርሞ የምታስቀምጠው ይህች ልጅ ናትና፣ እጇ የሚታመን መሆኑን ማየት ትፈልጋለች።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ድንችና ድንቹን ስለሚያበቅለው ሕዝብ ነው። በገዛ መሬቱ ላይ፣ በገዛ ዘሩና በገዛ ውሳኔው አምሮ ለመኖር የሚታገል ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ከእነርሱ የምንማረው ብዙ አለ። (ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የድንች አገር

ድንች የተገኘው ከአንዲስ ተራሮች ነው። ዛሬ ደቡብ ፔሩና ቦሊቪያ በሚዋሰኑበት በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ከሰባት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መራራውን የዱር ድንች አላምደው የጓሮ ተክል አደረጉት። ስፔናውያን በ1532 ፔሩን ከወረሩ በኋላ ድንቹ ወደ አውሮፓ፣ ከአውሮፓም ወደ ሌላው ዓለም ተሰራጨ። ወደ አገራችንም በ1858 ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዳስገባው ይነገራል። እንግዲህ አልጫችን ውስጥ የምንከተው፣ በየመንገዱ ዳር ተቀቅሎ በሚጥሚጣ የሚሸጠው ድንች በነዚያ ተራሮች ላይ በሺህ ዓመታት ድካም የተገኘ ሀብት ነው።

ይሁንና ለዓለም ምግብ የሰጠው ሕዝብ ውለታው አልተመለሰለትም። ለም መሬቱ በባላባቶች እጅ ገባ፤ ኬችዋው በአያቶቹ ርስት ላይ ጭሰኛ ሆነ። በ1780 ቱፓክ አማሩ ዳግማዊ በመባል የሚታወቀው መሪ በኩስኮ አካባቢ ሕዝቡን ለአመፅ ሲያነሣሣ፣ ስንቁንና ትጥቁን ታደራጅ የነበረችው ባለቤቱ ሚካኤላ ባስቲዳስ ነበረች። በግንቦት 1781 ሁለቱም በኩስኮ አደባባይ በግፍ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ 190 ዓመት ገደማ አለፈ። በሰኔ 1969 የጄኔራል ቬላስኮ መንግሥት የመሬት ይዞታ ለውጥ አዋጅ አውጥቶ የትላልቅ ባላባቶችን መሬት ለገበሬዎች አስተላለፈ። ይህ የሆነው በእኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም ከመታወጁ ስድስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በ1975 ደግሞ የኬችዋ ቋንቋ በፔሩ የመንግሥት ቋንቋ ተብሎ ታወጀ።

አንባቢያን ሆይ፣ መሬት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መሬቱ የአንተ ነው የተባለ ገበሬ ምን እንደሚዘራበት ሌላ ሰው ከወሰነለት፣ ልጁ በትምህርት ቤት በእናቱ ቋንቋ በመናገሩ ከተሸማቀቀ፣ ነፃነቱ ጎዶሎ ነው። ከአዋጁ በኋላም ብዙ ውሳኔ ከሩቅ ይመጣ ነበር። ለገበያ የሚፈለጉ፣ ምርታቸው የበዛ ጥቂት የድንች ዓይነቶች ተመርጠው በየመንደሩ ገቡ። ማዳበሪያና መድኃኒት የሚሹት እነዚህ ዓይነቶች ገበሬውን ለገንዘብ ወጪ ሲዳርጉት፣ የጥንቶቹ በየጓዳው እያነሱ ሄዱ።

ከሁሉ የከፋው በሴቶች ላይ የደረሰው ነው። ከ1996 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት በፔሩ በተካሄደው የመንግሥት ዘመቻ ከ270 ሺህ በላይ ሴቶች እንዳይወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተደረገባቸው። ብዙዎቹ ድሆች፣ የገጠር ነዋሪዎችና የኬችዋ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ያለ ፈቃዳቸው እንደተፈጸመባቸው አስታውቀዋል። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሴቶችን መብት የሚከታተለው ኮሚቴ የፔሩ መንግሥት የእነዚህን ሴቶች መብት መጣሱን አረጋግጦ እንዲካሱ ጠይቋል። ስለ ራስ የመወሰን መብት በአዳራሽ ብቻ የሚነገር ጉዳይ እንዳልሆነ ለማንኛዋም እናት ይህ በቂ ማስረጃ ነው። መሬት፣ ዘርና ማሕፀን ላይ ማን ይወስናል? ጥያቄው አንድ ነው።

ሰው የማይባረርበት ፓርክ

በኩስኮ ክፍለ ሀገር ከፒሳቅ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ የሚኖሩ ስድስት የኬችዋ መንደሮች ለዚህ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። በ2000ዎቹ መባቻ ላይ፣ ኩስኮ ውስጥ በሚገኘው አንዴስ በተባለ ማኅበር እየተረዱ ተሰባስበው፣ ከ9 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነውን መሬታቸውን በጋራ ለማስተዳደር ተስማሙ። ስሙንም «የድንች ፓርክ» አሉት።

ፓርክ ሲባል ሰው ተነሥቶ አውሬው የሚጠበቅበት ሥፍራ በዓይነ ሕሊናችን ይመጣ ይሆናል። በዚህ ፓርክ ግን የሚጠበቀው እርሻው ራሱ ነው፤ ጠባቂዎቹም ገበሬዎቹ ናቸው። በነዚህ ዳገቶች ላይ ገበሬዎቹ በራሳቸው አጠራር ለይተው የሚያውቋቸው ከ1,300 በላይ የድንች ዓይነቶች ይበቅላሉ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊና ጥቁር አለ። ክብ አለ፤ እንደ ጣት የረዘመ አለ፤ «የፑማ መዳፍ» የሚባል አለ። አንዱ ለመቀቀል፣ ሌላው ለሾርባ፣ ሌላው ለሠርግና ለእንግዳ፣ ሌላው ውርጭ ሲመታ ቤቱን ከረሃብ ለማዳን ነው።

አንድ ቤተሰብ መሬቱን በአንድ ቦታ አይዝም። ከታች በሙቀቱ ቆላማ ክፍል በቆሎ፣ ከፍ ሲል ድንችና ባቄላ፣ ከዚያ በላይ በውርጩ መራራ ድንች ይዘራል፤ ከሁሉ በላይ ባለው ሣር የግመል ዘመድ የሆነው ላማ ይሰማራል። በረዶ ከላይ ያለውን ማሳ ቢያጠፋ የታችኛው ይተርፋል። በአንድ ማሳ ላይም ብዙ ዓይነት ድንች ተደባልቆ ስለሚተከል በሽታ ቢገባ ሁሉንም ጠራርጎ አይወስድም። ድንች የተመረተበት መሬት ደግሞ ለዓመታት እንዲያርፍ ይደረጋል፤ የትኛው ማሳ መቼ እንደሚያርፍ መንደሩ ተሰብስቦ ይወስናል።

በተከላ ወራት ወንዶቹ በእግር በሚረገጥ ረጅም መቆፈሪያ አፈሩን ሲገምሱ፣ ሴቶቹ ጓሉን እየገለበጡ ዘሩን ያስቀምጣሉ። የዛሬ ሥራህን አግዝሃለሁ፣ ነገ ታግዘኛለህ የሚለውን ሥርዓት አይኒ ይሉታል፤ የእኛ ወንፈል ማለት ነው። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ የሚሠራበት ደግሞ ሚንካ ይባላል፤ ደቦ እንደምንለው ነው።

ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ የሚበላውን፣ የሚሸጠውንና ለዘር የሚቀመጠውን የሚለዩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። የትኛው ድንች ከየትኛው ማሳ መጣ፣ የትኛው ዘንድሮ ደከመ፣ የትኛውስ ከአማት እጅ የተሰጠ ነው የሚለው በእነርሱ ልብ የተመዘገበ ነው። «ምራትን የሚያስለቅሰው» ድንች ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገለጣል።

አምሮ መኖር ማለት

ኬችዋዎች የሚመኙትን ኑሮ ሱማቅ ካውሳይ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ «ያማረ ኑሮ» ወይም «አምሮ መኖር» ልንለው እንችላለን። በአስተሳሰባቸው በተራራው ላይ ሦስት ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው የሰው፣ ሰው ያላመዳቸው የእንስሳትና የአዝርዕት ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው የዱር አራዊትና የዱር ዕፅዋት ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው የሚያከብሯቸው ተራሮችና ምድር ራሷ ያሉበት ቤተሰብ ነው። ሦስቱ ተዛዝነው ሲኖሩ ኑሮ ያምራል። አንዱ ከሌላው ብዙ ሲወስድና ሳይመልስ ሲቀር ኑሮ ይበላሻል።

ሐሳቡ በተራራ ላይ ብቻ አልቀረም። የኢኳዶር ሕገ መንግሥት በ2008፣ የቦሊቪያ ደግሞ በ2009 ይህን «ያማረ ኑሮ» የሚለውን መሠረት አድርገው ተቀብለዋል። እርግጥ ነው፣ በወረቀት የተጻፈው ሁሉ በሥራ አልዋለም።

ይህን ስንል ኑሯቸው ገነት ነው ለማለት አይደለም። ድህነቱ አለ፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ኩስኮና ወደ ሊማ ይወርዳሉ። ልዩነቱ የድህነታቸውን መድኃኒት ራሳቸው መፈለጋቸው ነው። የፓርኩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ከመድኃኒት ዕፅዋት ሳሙናና ሻምፖ ያዘጋጃሉ፤ የድንች ዓይነቶቻቸውን ለእንግዳ የሚያቀርቡበት ምግብ ቤትም አቋቁመዋል። ከገቢው ላይ ለጋራ ሣጥን ይቀመጥና መንደሮቹ በተስማሙበት ደንብ ይከፋፈሉታል።

ዘሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ

በ1971 በሊማ ከተማ ዓለም አቀፍ የድንች ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ሳይንቲስቶቹ በየተራራው እየዞሩ የገበሬዎችን ድንች ሰበሰቡ፤ በቀዝቃዛ ክፍልና በብልቃጥ ውስጥም አኖሩት። በዚህ መካከል በመንደሮቹ ብዙዎቹ ዓይነቶች ጠፉ። የአያቶቹን ድንች ለማየት የሚሻ ገበሬ ሊማ ድረስ መሄድ ሊኖርበት ሆነ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2004 የድንች ፓርኩ መንደሮችና የምርምር ማዕከሉ ስምምነት ተፈራረሙ። ማዕከሉ ከአካባቢው የሰበሰባቸውን ድንቾች ከበሽታ አጽድቶ ለመመለስ፣ ገበሬዎቹም ዕውቀታቸውን በእኩልነት ለማካፈል ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት ከ400 በላይ ዓይነቶች ወደ ትውልድ መሬታቸው ተመልሰዋል። ዘሩን የሚንከባከቡ፣ ፓፓ አራሪዋ ወይም «የድንች ጠባቂዎች» የተባሉ ወንዶችና ሴቶችም ከየመንደሩ ተመርጠው ሠለጠኑ። በነርሱ ደንብ ዘር የማንም ግለሰብ ንብረት አይደለም፤ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ይለወጣል፣ በስሙ አስመዝግቦ ሌላውን የሚከለክል ግን ሊኖር አይችልም።

«ዘርን ደግሞ ማን በስሙ ያስመዘግባል?» ትሉ ይሆናል። የእኛው ጤፍ ምስክር ነው። በ2007 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። እናቶቻችን ስንትና ስንት ዘመን ሲያቦኩት የኖሩት ጤፍ የሌላ ሰው «ፈጠራ» ተባለ ማለት ነው። በ2018 በሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ሲል መብቱ በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ነገሩ በዚህ ባይቋጭ ኖሮ ስለ ገዛ እንጀራችን ከሌላ አገር ፈቃድ መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችል ነበር።

የነባር ሕዝቦችን መብት የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መግለጫ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቃል። መግለጫው የጸደቀው እኛ አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልን ማግሥት፣ መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም ነው። በውስጡም ነባር ሕዝቦች የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው፣ ዘራቸውንና የዕፅዋት ዕውቀታቸውንም የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ሰፍሯል። የድንች ፓርኩ እናቶች ይህ ከመጻፉ በፊት ሥራውን ጀምረውታል።

ተራራው ሲያልቅ

አሁን ግን ከባላባትም ከኩባንያም የሚከብድ ነገር መጥቶባቸዋል። የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር የድንች ትልና ሻጋታ ቀድሞ ወደማይደርሱበት ከፍታ ይወጣሉ። ገበሬዎቹም ከበሽታው ለማምለጥ ተከላቸውን ወደ ላይ ያሸሻሉ። በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ላይ ሸሽተዋል። ተራራ ደግሞ ጫፍ አለው። ከጫፉ በላይ ድንጋይና ሰማይ እንጂ እርሻ የለም።

ውርጩም ቢሆን ያስፈልጋቸዋል። መራራውን ድንች በሰኔና በሐምሌ ብርቱ ውርጭ ሌሊት ሜዳ ላይ ዘርግተው ያሳድሩታል። ሲነጋ በእግራቸው ረግጠው ውኃውን ያወጡታል፤ በፀሐይም ያደርቁታል። ይህን ቹኞ ይሉታል። እንደ ጠጠር ደርቆ ለዓመታት ይቆያል፤ መራራነቱና መርዙም ይወጣለታል። ውርጩ ከቀረ ይህ የክፉ ቀን ስንቅ ይቀራል። የመኪና ጭስም የፋብሪካ ጭስም የሌለበት መንደር የሌሎችን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

እነርሱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከተመለሱት ድንቾች የትኛው ሙቀት፣ የትኛው በሽታ እንደሚችል በተለያየ ከፍታ ላይ እየተከሉ ከሳይንቲስቶቹ ጋር ይፈትናሉ። በ2015 ደግሞ ከፓርኩ የተወሰደ የድንች ዘር በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴት በበረዶ ውስጥ በሚገኘው የዓለም የዘር ጎተራ ተቀምጧል። ዋናው ጎተራ ግን አሁንም ማሳው ነው፤ በማሳ ላይ ያለ ዘር ከአየሩ ጋር ይለማመዳልና።

ዓይነት ማብዛት ለምን እንደሚጠቅም የአየርላንድ ታሪክ ያስተምረናል። በዚያ አገር ድኻው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ብቻ ተመርኩዞ ይኖር ነበር። በ1845 የድንች በሽታ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በተከታዩ ወረርሽኝ አለቀ።

እኛስ?

እናቶችና ሠራተኛ እህቶች፣ ከተማ ተቀምጠን ይህን ማወቃችን ምን ይጠቅመናል ትሉ ይሆናል። እኛም የዘር አገር ነን። በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማዕከል ተቋቁሟል። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት በማለት በሠሩት ሥራ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ያ ዘር የሚኖረው ደግሞ የሚገዛውና የሚያበስለው ሲኖር ነው። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ ነጩን ጤፍ ብቻ ሳይሆን ሠርገኛውንም፣ ቀዩንም ጠይቁ። ከገጠር ዘመድ የመጣ ገብስ ወይም ባቄላ ሲደርሳችሁ ስሙንና አገሩን ጠይቃችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ስሙ የተረሳ እህል ሳይቆይ ራሱም ይጠፋል።

ስለ ድንቹም አንድ ምክር እንጨምር። ድንች ብርሃን በማይገባበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ብርሃን አግኝቶ ከአረንጓደ ወይም ብዙ ካቆጠቆጠ መርዝ ይይዛልና ለልጆች አትስጡ፤ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። የአንዲስ እናቶች ይህን ጠንቅቀው ስላወቁ ነው ለመራራው ድንች ውርጭንና ፀሐይን መድኃኒት ያደረጉት።

በመጨረሻም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳፋውን አቅርባችሁ ስትቀመጡ ሴት ልጃችሁንም ወንድ ልጃችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጡ። ልጣጩን እንዲያሳሱ አሳዩአቸው። እጃቸው ሲሠራ የምራቲቱን ታሪክ አጫውቷቸው፤ ከሳቁ በኋላም ያ ድንች የማን እንደሆነ፣ እስከ ዛሬስ ለምን እንዳልጠፋ ንገሯቸው።